አባባ የፈቱት ብሎን

ጠብታ የሚባለው ሰውዬ ጠብታ አይመስልም። በር ላይ ሲቆም ብርሃን ይከለክላል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ያቃስታል። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው፣ ያወጡለትም መልኩን ሳይሆን እጁን አይተው ነው። ልጅ እያለ ቧንቧ ሲከፍት እንደሚሰርቅ ሰው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ያደርግ ነበር። ታላቅ እህቱ ደግሞ እስከ ጥጉ ታዞረውና ውሃው እጇንም ቀሚሷንም ወለሉንም አብሮ ያጥባል። እሷን ጎርፌ አሏት፣ እሱን ጠብታ። ሰውዬው ሃምሳ ሞላው፣ አገባ፣ ወለደ፣ ስሙ ግን ወይ ፍንክች።

አባባ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጠብታም ሙያውን የተማረው ከሳቸው ነው። እንደሳቸው ያለ ሠራተኛ ዛሬ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። አንድ ሥራ ሲጨርሱ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ ያወርዱና ከቧንቧው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀኑን ጽፈው አጠገቡ ትንሽ ራይት ያደርጋሉ። ራይቱ ከሌለ ሥራው አላለቀም። ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ "ይበቃል አባቴ፣ ደህና ሆኗል" ቢል አይሰሙም፤ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ።

የራሳቸው ቤት ቧንቧ ግን ያንኳኳል። ከወጥ ቤቱ ተነስቶ በመኝታ ቤታቸው በአልጋው ራስጌ በኩል የሚያልፈው ቧንቧ፣ ውሃ በተከፈተ ቁጥር ግድግዳውን ይደበድበዋል። ጠብታ ሙያው እጁ ከገባ ጀምሮ "አባባ፣ ላጥብቀው" ያላለበት ዓመት የለም። "ተወው፣ ምን አደረገህ?" ነበር መልሳቸው። ሰፈሩም "የሰው ቤት ሲያቃኑ የራሳቸው ጎበጠ" እያለ ሲስቅባቸው ኖረ። ይሳቅ። ሰፈር ሌላ ምን ሥራ አለው?

በዚያ ቤት ከውጭ የገባ ሰው መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። ጎርፌ ስትገባ ግድግዳው አንዴ ደው ይላል። ጠብታ ሲገባ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አባባ ጋደም ባሉበት ሆነው ማን እንደመጣ ያውቃሉ።

"መጣሽ?"

"መጣሁ አባባ።"

"በይ፣ ውሃውን ዝጊው።"

ይኸው ነው። ሰላምታውም፣ ናፍቆቱም፣ "የት አመሸሽ"ም እዚህች ውስጥ ነበር። ጎርፌ ታዲያ "ዝጊው" እስክትባል ድረስ አትዘጋም። አውቃ ነው። ያቺን ቃል ሳትሰማ ቤት የገባች አይመስላትም ነበር።

ጎርፌ ኋላ ሩቅ ከተማ ሄዳ የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነች። አባባ አልጋ ላይ በዋሉባቸው ሁለት ዓመታት በየጊዜው እየመጣች ታያቸው ነበር። መጨረሻው ላይ ግን የወጥ ቤቱ ደረጃ አዳልጧት እግሯ ተሰበረ፣ እስከ ጭኗም ጄሶ ተደረገላት። አባባ ውሃ በተከፈተ ቁጥር "ጎርፌ ናት?" ይላሉ። "አይ አባባ፣ እኔ ነኝ" ይላል ጠብታ። እኔ ነኝ ማለት ይህን ያህል ያሳፍራል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠብታ እጁ በግራሶ ተለውሶ ከሥራ መጣ። ቸኩሎ ነበርና ቧንቧውን እስከ ጥጉ አዞረው። ደው አለ።

"መጣሽ?" አሉ አባባ። ዓመት ሙሉ ያልሰማውን፣ የጤናቸውን ጊዜ ድምፅ ነው ያወጡት።

"እኔ ነኝ" ቢል ደስታቸውን ሊነጥቃቸው ነው። "መጣሁ" ቢል ሊያታልላቸው ነው። እጁን ውሃው ውስጥ እንደከተተ ዝም አለ። እጁን አደራርቆ ሲገባ አባባ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። የጠብታ ዝምታ ስምንት ወር ሙሉ ሆዱ ውስጥ ነቀዘ፣ ለእህቱም አልነገራትም።

ቤቱን ለመሸጥ የተስማሙት ሁለቱም ናቸው። ሰው የሌለበት ቤት ቶሎ ያረጃል፤ ጣሪያው ጀምሮታል። እሱ የራሱ ቤት አለው፣ እሷ የራሷ ኑሮ አላት።

"ሽጠው" አለችው በስልክ። "ግን አንድ ቃል ግባልኝ። እኔ እስክመጣ ያንን ቧንቧ እንዳትነካው። አንዴ ልክፈተው፣ ከዚያ እንዳሻህ።"

"ምን ያደርግልሻል እታለም?"

"ሲሞት አልነበርኩ፣ ሲቀበር አልነበርኩ። አንተ አፈር አልብሰኸዋል። እኔ ምን አለኝ?"

ቃል ገባ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የእናት የአባት አይደለም ይባላል፤ ይሄኛው ግን የአባትም ነበር።

ደላላውን ሰፈሩ ሬዲዮ ይለዋል፣ የሚያጠፋው ሰው ስላልተገኘ። ሬዲዮ አንዲት የሒሳብ መምህርት አመጣ። ጨዋ ሴት ናት፣ ጣሪያውንም መስኮቱንም አንድ በአንድ አየች፣ ሁሉንም ወደደች። በመጨረሻ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትከፍት ግድግዳው ደበደበና ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጣለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቤቱ የልብ ትርታ ነው፣ እመቤት" አለ ሬዲዮ፣ ዐይኑን ሳያሽ።

"እኔ ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና የማርም ሰው ነኝ። ልብ ያለው ቤት አልፈልግም" አለችና ወደ ጠብታ ዞረች። "ይህ ይሠራ፣ ነገ ጠዋት መጥቼ ልፈርም።"

ጠብታ እህቱ ቅዳሜ እንደምትመጣ፣ ከቅዳሜ በኋላ እንደሚሠራው ሊያስረዳ ሞከረ። ሬዲዮ እጁን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። "ስማ፣ ቅዳሜማ ሌላ ቤት ትፈርማለች። ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነህ የገዛ ቧንቧህ ሲያዋርድህ አታፍርም?"

"ልየው ብቻ" አለ ጠብታ፣ ሁለቱም ከሄዱ በኋላ። ለማን እንዳለው እንጃ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። አልጋውን ገፋ አድርጎ ከራስጌው የተለጠፈውን ጣውላ አነሳ። ቧንቧውን ከግድግዳው ጋር ያቀፈው ብረት አንዱ ብሎን የለውም፣ ሌላው ላልቷል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት። መፍቻ የያዘ እጅ ደግሞ የላላ ብሎን አይቶ አያልፍም፤ የለመደች ጦጣ ሁሌም ሽምጠጣ። ከቦርሳው ብሎን አወጣ፣ አስገባ፣ አጠበቀ። ቃሉ ትዝ ያለው እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሲያወርድ ነው።

ቀኑን ሊጽፍ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። ከሥሩ ራይት አለ።

የአባባ ራይት ናት፣ ጭራዋ ወደ ላይ ረዘም ያለች። አጠገቧ ቀን ተጽፏል። ጠብታ ደጋግሞ አነበበው። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፣ እናታቸው ከሞተች በሁለተኛው ወር። ከብረቱ ኋላ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተወትፏል። ፈታው። የጎደለው ብሎን ነው፣ እንዳይዝግ ግራሶ ተቀብቶ።

ብሎኑን እንደያዘ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እናታቸው በሕይወት ሳለች ማን ገባ፣ ማን አመሸ ለአባባ የምትነግራቸው እሷ ነበረች። እሷ ስትሄድ ቤቱ ዲዳ ሆነ። አባባ ልጅን የት ነበርክ ብሎ መጠየቅ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ብሎኑን ፈቱ፣ ሞከሩት፣ ሰሙት፣ ራይት አደረጉ። ሥራው አልቆ ነበር። እሱ ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ላጥብቀው" እያለ ሲነዘንዝ የኖረው።

ያኔውኑ መልሶ ይፈታው ነበር። ግን ሽያጩ እንዳይፈርስ ፈራ። መምህርቷ ጠዋት መጣች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ አዳመጠች፣ ፈረመች። ቁልፉን ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ልትረከብ ተስማሙ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎርፌ በምርኩዝ እያነከሰች ገባች። ዕቃው ወጥቷል፣ ቤቱ ሲራመዱበት ያስተጋባል። አልተቀመጠችም። ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፣ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ቧንቧውን እስከ ጥጉ አዞረችው።

ውሃው ወረደ። ግድግዳው ዝም። ጎርፌ አንገቷን ወደ መኝታ ቤቱ እንዳዘነበለች ጠበቀች። ከዚያ ዘጋችው።

"ነካኸው" አለች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ጠብታ ተናገረ። የመምህርቷን ነገር፣ የእጁን ነገር፣ ራይቷን፣ በግራሶ የተቀባውን ብሎን። አፉ ከተከፈተ አልመለስ አለውና ያንንም ተናገረው። "የመጨረሻ ቀን በችኮላ ሙሉውን ከፈትኩት። አንቺ መስለሽው 'መጣሽ?' አለኝ። ደስ ብሎት ነበር እታለም። አልመለስኩለትም።"

ጎርፌ ዕቃ ያወጡት ሠራተኞች ትተውት በሄዱት የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠች። "ዝም አልከው?"

"ዝም።"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠብታ ሰው ማባበል አያውቅበትም፤ በዚህ አባቱን ነው የወጣው። መፍቻውን አነሳ። "ቁልፍ ከማስረከቤ በፊት መልሼ አጠብቀዋለሁ" አለና ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። አንዱን ብሎን ፈታው፣ ሌላውን አላላው።

"ክፈቺው" አለ።

ከወጥ ቤቱ በኩል ምርኩዝ ወለል ሲነካ ተሰማ። ደው አለ። ከግድግዳው ላይ የኖራ ብናኝ ትከሻው ላይ ረገፈ።

ጠብታ የቆመው የአባባ አልጋ እግሮች ወለሉን ባሰረጎዱበት መሃል ላይ ነው። አስቦበት አይደለም፣ አፉ ራሱ ነው የተናገረው።

"መጣሽ?"

ድምፁ የአባባ ነበር። ራሱንም አስደነገጠው።

ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው ይወርዳል።

"መጣሁ አባባ" አለች ጎርፌ። "እግሬ ነው። ዘገየሁ።"

ጠብታ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አደረገ። ደጅ የሬዲዮ ወሬ ቀድሞ ደርሷል፣ የመምህርቷ ጫማ ከኋላው ይሰማል፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ውሃው አሁንም ይወርዳል። ያቺን ቃል ሳትሰማ እንደማትዘጋው ያውቃል። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

"በይ" አለ፣ "ውሃውን ዝጊው።"

ዘጋችው።