ከፊቱ አይለየው

ሳፊያ ከባሏና ከእናቷ መሃል ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ከሐርቡ ስትነሳ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናው ዛሬ፣ ዛሬን ብቻ፣ እንዳይቆም።

እናቷ እማ ጣይባ ደሴ የሚወጡት ለሽርሽር አይደለም። ሳፊያ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ደንቡ እናቷ ቤት እንድትወልድ ነበር። እሷ ግን ደሴ፣ ሐኪም ቤቱ ቅርብ በሆነበት፣ ባሏም ማታ ማታ በሚገባበት ቤት ልውለድ አለች። እማ ጣይባ ይህን ሲሰሙ በልጆቻቸው ሁሉ ፊት እንዲህ አሉ፦

"መጀመሪያ እኔ ልየው። ቤቱንም፣ መንገዱንም፣ ሰውየውንም። ካላማረኝ ልጄን ይዤ በመጣሁበት እመለሳለሁ።"

እሳቸው ያሉትን የሚመልስ ደግሞ በሐርቡ አልተፈጠረም። ሹፌር የሚባል ፍጡር ከመጀመሪያውም አይዋጥላቸውም። "ሹፌር ያገባው መንገድን ነው፤ ሚስቱ ውሽማው ናት" ይላሉ።

ሹፌሩ ባሏ እንድሪስ፣ አላህ ይርዳውና፣ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሳፊያን ካገባ ሁለት ዓመት ሞልቶት ከአማቱ ጋር አንድ ቃል ተነጋግሮ አያውቅም። ጠብ ኖሮ አይደለም፤ አማትና አማች ይተፋፈራሉ፣ እማ ጣይባ ደግሞ ደንብ አጥባቂ ናቸው። እሱን የሚያናግሩት በሳፊያ በኩል ነው። ስሙንም አይጠሩትም፤ "እሱ" ነው የሚሉት። አሁን እንኳ በመካከላቸው ያለው የሳፊያ ትከሻ ብቻ ሆኖ፦

"ቀስ ይበል በይው" ይላሉ።

"ቀስ ብያለሁ በያቸው" ይላል እንድሪስ።

ሳፊያ መንገዱን ታያለች።

ጊዜው ግንቦት ነው፤ አብዮቱ ከፈነዳ ሰባተኛ ዓመቱ። እንድሪስ ከአዲስ አበባ ስሚንቶ ጭኖ ሲመለስ ነው እግረ መንገዱን ያነሳቸው። መኪናው የቀጠረው የጭነት ማኅበር ቀይ ፊያት ነው፣ ከኋላው ተሳቢ የሚጎትት። ሌላው ሹፌር መኪናውን "እሷ" ሲል እንድሪስ "ዳማው" ይለዋል፣ እንደ ፈረስ። ዳማው በላ፣ ዳማው ጠጣ፣ ዳማው ዛሬ ከፋው። ማታ እራት ላይ ስለ ዳማው ሲያወራ የማያውቅ ሰው ቢሰማው ስለ ወንድሙ የሚያወራ ይመስለዋል።

ነገሩን ያመጣውም ይኸው ነው። የዛሬ ወር ገደማ እማ ጣይባ ዱዓ የተደረገበት ወፍራም ነጭ ፎጣ በሳፊያ እጅ ልከው ነበር። ያሉትም "ከፊቱ አይለየው በይው" ነው። ሳፊያ እንዳለ አደረሰችው። እንድሪስ የዚያን ዕለት ከኩታበር ተመልሶ ስለ ዳማው አውርቶ አልጠገበም ነበር። ፎጣውን ስሞ፣ ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ወጣና በዳማው ፊት፣ ራዲያተሩ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ማንም አልገረመውም። የደሴ ሹፌር ብርድ ሲጸናበት ራዲያተሩን በጆንያም በካርቶንም ይሸፍናል፤ እንድሪስ በበረካ ሸፈነ፣ ይኸው ነው። ባዶውን ኩታበር ሲመላለስ ዳማው ምንም አላለም። አዲስ አበባም ያለ ጭነት ወረደ፤ ሲመለስ ደጋ ደጋውን በሌሊት ነዳው። ዛሬ ግን ስሚንቶ ከነተሳቢው፣ በዚያ ላይ የሐርቡ ፀሐይ በአናት።

የሙቀት መለኪያው ቀስት ኮምቦልቻ ሳይደርሱ መውጣት ጀመረ። እንድሪስ አንዴ መንገዱን አንዴ ቀስቱን ያያል።

"ምን እያየ ነው?" አሉ እማ ጣይባ።

"ሰዓት ነው በያቸው።"

"ሰዓት ግራ እጁ ላይ አለ አይደለም እንዴ?"

ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ቆሙ። ጥበቃው የይለፍ ወረቀታቸውን ገልብጦ እስኪያይ ረዳቱ ሞላልኝ ከጭነቱ ላይ ወረደ። ሞላልኝ የኩታበር ሰው ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ እንድሪስን በአሥር ዓመት የሚበልጥ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ሰንፎ በረዳትነት ያረጀ። ሳፊያ እግሯን ልታፍታታ ወርዳ ኖሮ ሁለቱ ከመኪናው ፊት ቆመው ሲንሾካሾኩ ሰማች።

"ውሃው ሙሉ ነው። የማራገቢያው ቀበቶም ደህና ነው" አለ ሞላልኝ። "እኔን ከጠየቅኸኝ ይህን ጨርቅ ፍታው። መኪናው በምን ይተንፍስ?"

"ዝም በል፤ ይሰሙሃል።"

"ይስሙኛ። አማት የኔ አይደሉ።"

"ወላሂ አልፈታውም። በረካዬን አውልቆ ጣለው ይበሉኝ? ዛሬ? እዚህ ፊታቸው?"

"እንግዲያው ሐረጎ ዳገት ላይ አፍነኸው ሲሞት እኔ የለሁበትም። በገብርኤል፣ እኔ በእግሬ ነው የምወጣው።"

ሳፊያ ፎጣውን አየችው። አቧራው፣ ናፍታው፣ የመንገድ ትንኙ ለብሶት ነጭነቱ ጠፍቷል። እናቷ በጎን በር ስለገቡ አላዩትም፤ ቢያዩትም አያውቁትም ነበር። ለእናቷ ልትነግር ወደ በሩ አለችና የባሏን ዓይን አይታ ወደ ቦታዋ ወጣች።

ከኮምቦልቻ ወዲያ ዳገቱ ጀመረ። ዳማው መጀመሪያ ጉልበቱ ከዳው። እንድሪስ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ማርሽ ወረደ፤ ነዳጅ ሲረግጥለት እንኳ የሚመልሰው ጥቁር ጭስ ነው። ቀስቱ ቀዩን ገባ። ጋቢናው እንደ ምድጃ ነደደ። ሞላልኝ እንዳለው ወርዶ፣ የእንጨት ታኮውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ከኋላ ጎማ ጎን ጎን በእግሩ ይሄዳል። መኪናው አልቀደመውም። እንዲያውም ሞላልኝ ቀደም እያለ ቆሞ ይጠብቀዋል።

"ያ ሽማግሌ ቀደመን እኮ" አሉ እማ ጣይባ።

እንድሪስ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ እየገባ በክንዱ ይጠርጋል። ሐረጎ መሃል ሲደርሱ ነጭ እንፋሎት ከፊት ተነሳና መንገዱን ሸፈነው። እንድሪስ ፍሬን ያዘ፤ ሞላልኝ ታኮውን ከጎማው ሥር ከተተ። ዳማው በቆመበት እየተንቀጠቀጠ ያጓራ ጀመር።

እማ ጣይባ ነጠላቸውን ሰብስበው አዩ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ሳፊያን የገደላት ይኸው ነው። እናቷ ሲቆጡ ገና ነገር ይመለሳል፤ ዝም ካሉ ግን ወስነዋል።

"ምን ሆነ በይው።"

"የአየሩ ሙቀት ነው በያቸው። አብሽሩ በያቸው።"

በመስኮቱ ሞላልኝ አንገቱን አስገባ። "ውሃ እንጨምር?"

"አሁን ብንጨምር የጋለው የሞተሩ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ቆይ።"

"ጨርቁንስ?"

"ሞላልኝ!"

ሳፊያ ግራና ቀኟን አየች። አንዱ እናቷን አፍሮ መኪናውን ሊያቃጥል ነው፤ እናቷ ደግሞ ደንባቸውን ጠብቀው ልጃቸውን ይዘው ሊመለሱ ነው። ይሉኝታ ሦስቱንም ጋቢና ውስጥ እየቀቀላቸው ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ሰው ተገላበጠ።

"እማ" አለች፤ "ያንቺ ፎጣ ነው ያፈነው።"

"የቱ ፎጣ?"

"ዱዓ የተደረገበት። ራዲያተሩ ላይ ነው ያለው፤ ንፋስ ከልክሎታል። ፊትሽ በረካሽን ላለማውለቅ ብሎ ነው።"

እንድሪስ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

እማ ጣይባ ወረዱ። በሞላልኝ ክንድ ተደግፈው ወደ መኪናው ፊት ዞሩ፤ በሽቦ የተወጠረውን ግራጫ ነገር ዳሰሱ፣ ጠርዙን ገልጠው ሽመናውን አዩ።

"ሱብሃነላህ" አሉ። "ይህ የኔ ነው።"

"ከፊቱ አይለየው ብለሽ" አለች ተከትላ የወረደችው ሳፊያ።

"ከፊቱ! ከማን ፊት?"

"ከዳማው..."

"እኔ ዳማው ማን እንደሆነ አውቃለሁ?" ዞረው በመስታወቱ በኩል እንድሪስን አዩት። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አዩት። "አንተ ልጅ፣ ላብህን እንድትጠርግበት እኮ ነው!"

እንድሪስ ወረደ። እንደ ልማዱ፣ ታስተላልፍለት ዘንድ ሳፊያን አያት።

"እሷን ምን ታያለህ? አንተን ነው የማናግር።"

"እኔ... ለእሱ መስሎኝ ነው፣ እናቴ።"

"ለብረት ፎጣ የምልክ እብድ መሰልኩህ?"

"ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ የመጣ ስለሆነ..."

ሞላልኝ ታኮው ላይ ተቀምጦ ሳቁን መያዝ አቃተው። "እኔ እኮ ብዬው ነበር። ገብርኤል ምስክሬ ነው፣ ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ።" እማ ጣይባ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆዩና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳፊያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነበር።

ሽቦውን ሞላልኝ በፒንሳ በጠሰው። ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቁ፤ ንፋሱ በራዲያተሩ ሲያልፍ ድምፁ ራሱ ተለወጠ፣ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው። ቀስቱ ከቀዩ ሲወርድ ክዳኑን በጥንቃቄ ከፍተው ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት።

እማ ጣይባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አማቻቸውን ያዩታል። ሞተሩን እየዳሰሰ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይላል ለብረቱ።

"ሳፊያ" አሉ ዝቅ ብለው፤ "ቢቃጠል ኖሮስ?"

"ማኅበሩ ያባርረው ነበር።"

"ይህን እያወቀ ነው?"

"እያወቀ ነው።"

እማ ጣይባ ከድንጋዩ ተነስተው ወደ ጋቢናው ሄዱ።

ዳማው ሲነሳ ሌላ መኪና ሆነ። ሞላልኝ መረገጫው ላይ ቆሞ መስኮቱን ይዟል። ሐረጎን ጨርሰው የደሴ ብርድ ፊታቸውን ሲመታው እንድሪስ ማርሽ ጨመረ።

"ቤቱን አይቼዋለሁ" አሉ እማ ጣይባ ድንገት።

"እማ፣ ገና አልደረስንም እኮ።"

"አይቼዋለሁ አልኩሽ። እዚሁ ትወልጃለሽ። ግን ከአራስ ቤት እስክትወጪ እኔም ንቅንቅ አልልም።" በሳፊያ ትከሻ ላይ አሻግረው፦ "አንተ፣ ለእኔ መኝታ አለህ?"

እንድሪስ ከመንገዱ ዓይኑን ሳይነቅል ጥርሱ ሁሉ ታየ። "አልጋው የእርስዎ ነው፣ እናቴ።"

"አንተስ?"

"እኔ ጋቢና ውስጥ እተኛለሁ።"

በመስኮቱ የሞላልኝ ጢም ገባ። "ጋቢናው የኔ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልግ!"

እማ ጣይባ ይህን ጊዜ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ አልያዙም።