በባልዲ የታጠበው ማሊያ

በኮሎምቢያ ሰው ሲወለድ ከስሙ በፊት ቀለሙ ይታወቃል። አባቱ ቀይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነም ሰማያዊ። ፓርቲ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። በዚህ ቀለም ሰበብ ስንቱ ሰው ገደል እየገባ ሳለ የቦጎታ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ምን ቢመክሩ ጥሩ ነው? አገሩን የሚዞር የብስክሌት ውድድር እናዘጋጅ አሉ። ብስክሌት በሚያልፍበት መንገድ ማንም አይተኩስም ብለው በሬዲዮ አስነገሩ። ተኳሹ ግን ተራራ ላይ ነው፣ ሬዲዮ ከየት ያመጣል?

ኤቬልዮ ሲፉዌንቴስ የተመዘገበው ለአገር ፍቅር አልነበረም። ቱልዮን ለመቅደም ነበር። ቱልዮ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የዶን ሌዮኒዳስ ልጅ ሲሆን፣ ኤቬልዮ ደግሞ እዚያው ከተማ ለሉካንዳ ቤት በብስክሌት ሥጋ የሚያመላልስ ነው። አንድ ጊዜ የከተማው ብስክሌት ክለብ ውስጥ ግባ ተብሎ ተገፋፍቶ ቢሄድ፣ የክለቡ ሊቀመንበር ዶን ሌዮኒዳስ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እዚህ ስፖርት ነው፣ ቄራው በዚያ በኩል ነው አሉት። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ከኤቬልዮ ጆሮ ወጥቶ አያውቅም። የዛሬው ጉዞ የሚያበቃው እነሱ ከተማ ነው፤ ዶን ሌዮኒዳስም መጨረሻው መስመር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ኤቬልዮ ዓለም ከነጓዙ ቢቀርበት ግድ የለውም፣ ዛሬ ብቻ ከቱልዮ በፊት ይግባ።

ማሊያውን የገዛለት አሠሪው ነበር፤ ደም አይታይበትም ብሎ ቀዩን መረጠ። የቱልዮ ሰማያዊ ነው። የቱልዮ ዘር እስከ ቅድመ አያቱ ቀይ ነበር፤ መንግሥቱ ሰማያዊ ሲሆን ዶን ሌዮኒዳስ ከረባታቸውንም ልጃቸውንም በአንድ ሳምንት ቀየሩ። የተማረ ሰው መቼም ለመገልበጥ ፈጣን ነው።

ተራራው ላይ ዝናቡ መንገዱን አቡክቶት ስለነበር ከወገብ በላይ ቀለም የተረፈው ብስክሌተኛ አልነበረም። ሁሉም የጭቃ ፓርቲ ሆነ። ዳገቱን ኤቬልዮ ቀድሞ ወጣው፤ የበሬ ታፋ ጭኖ ዳገት ለለመደ ባዶ ብስክሌት ጨዋታ ነው። ጫፉ ላይ ግን ግንድ መንገዱን ዘግቶ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ቆመው ጠበቁት። ሰማያዊዎች ናቸው። አለቃቸው ካፒቴን አኒሴቶ ሽበታም፣ ትሑት ሽማግሌ ነው።

"ይቅርታ ልጄ፣ ቀለምህን ሳናይ አናሳልፍም" አለው።

ከፈረሶቹ ገንዳ ውኃ በባልዲ ቀድተው ደረቱ ላይ ደፉበት። ጭቃው ወረደ፣ ቀዩ ወጣ።

"ቀይ በዚህ መንገድ አይወርድም" አለ ካፒቴኑ፣ እያዘነ።

ኤቬልዮን ምላሱ አልከዳውም። በካፒቴኑ ባርኔጣ ላይ ካቶሊኮች ስእለት የሚሳሉለት የልበ ኢየሱስ ሥዕል ተሰፍቶ ያያል።

"ካፒቴን፣ ባርኔጣዎ ላይ ያለው ልብ ቀለሙ ምንድን ነው?"

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ አየው። ወታደሮቹም ተሰብስበው አዩት።

"ስእለት አለብኝ" አለ ኤቬልዮ። "ለሱ ነው የለበስኩት።"

"ስእለት ያለበት ጸሎቱን ያውቃል። ተንበርከክ።"

ኤቬልዮ ያውቃል። እናቱ አርብ አርብ ቤተሰቡን በሙሉ አንበርክካ ያንን ረጅም የልበ ኢየሱስ ጸሎት ታስደግም ነበር። ጀመረው፤ ባለጠመንጃዎቹ በየመሐሉ "ማረን" እያሉ ተቀበሉት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቱልዮ እያለከለከ መጣ። አጠቡት፤ ሰማያዊ። አረቄ አቀመሱት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፣ ግንዱን ሊያነሱለት ጎንበስ አሉ።

ኤቬልዮ ተንበርክኮ አየ። አንድ ቃል ጥርሱ ላይ ደረሰች፦ የዚህ አባት እስከ ትናንትና ወዲያ ቀይ ነበሩ። ዋጣት። ሰው ማስቆጨት ሌላ፣ ሰው ማስገደል ሌላ።

"ካፒቴን፣ እሱም እኮ ስእለተኛ ነው። ትሑት ስለሆነ አይናገርም እንጂ ከኔ ይበልጣል።"

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። "እንዲህ ነው የሰማያዊ ልጅ! ተንበርከክ ልጄ።"

ቱልዮ ዋና ከተማ ድረስ ተልኮ ኬሚስትሪ የተማረ ልጅ ነው። አባታችን ሆይን ጨርሶ ከዚያ ወዲያ ጠፋበት።

"ኤቬልዮ፣ በእናትህ፣ ከዚያ ምንድን ነው የሚባለው?" አለ በሹክሹክታ።

"እኔ ሥጋ አመላላሽ፣ ምን አውቄ።"

ኤቬልዮ ጸሎቱን ጨረሰ። ካፒቴኑ ግንባሩን ስሞ ግንዱን አስነሳለት። ቱልዮን ግን፣ ሰማያዊ ሆኖ ጸሎት አለማወቅ ነውር ነው ብሎ፣ እስኪያጠና አስቀረው።

ከተራራው ወዲያ ማዶ ዝናብ የሚባል አልዘነበም። ኤቬልዮ አንደኛ ሆኖ ከተማው ገባ፤ ግን ማንም አላጨበጨበም። ማሊያው ንጹሕ ነበራ። ዶን ሌዮኒዳስ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ተራራው በሙሉ ጭቃ መሆኑ እየታወቀ ይኼ በካሚዮን ነው የመጣው ብለው ጮኹ። ከቦጎታ የመጡት ዳኛ ማሊያውን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ አሁንም ዳሰሱት። ኤቬልዮ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

"ምስክር አለህ?"

"ካፒቴን አኒሴቶ። እዚያው ተራራው ላይ ነው፣ ይሂዱና ይጠይቁት።"

ዳኛው ተራራውን አዩ። ከዚያ የተከሰሰው በእርስዎ ስለሆነ ቢሄዱልን ብለው ወደ ዶን ሌዮኒዳስ ዞሩ።

"ዶን ሌዮኒዳስ ቢሄዱ ጥሩ ነው" አለ ኤቬልዮ። "አጥበው ነው የሚያሳልፉት። ብቻ ከረባትዎ አዲስ ነው፣ ሰማያዊው እንዳይለቅብዎ።"

ሰው ሳቀ። ዶን ሌዮኒዳስ ከረባታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ልጁ የከተማችን ልጅ ነው፣ በቃሉ አምናለሁ አሉ። ዳኛውም ተጨማሪ ማጣራት አያስፈልግም ብለው ኤቬልዮን አንደኛ አሉት።

ሌሎቹም አንድ በአንድ ታጥበው ገቡ። ቀይ የለበሰው ሁሉ ያን ቀን ካፒቴኑ ፊት ስእለተኛ ሆኖ ነበር። ቱልዮ ከሁሉም ኋላ መጣ፤ ጉልበቱ ተልጧል፣ ከንፈሩ አሁንም በጸሎት ይንቀሳቀሳል። አባቱ ምን እንዳቆየው አልጠየቁትም።