ከባሉኑ ሥር

የሻይ ብርጭቆው እናትየው እጅ ላይ እያለ ድምፁ መጣ። ግዙፍ ቡታጋዝ ጣሪያው ላይ የተለኮሰ ይመስል ጓ ብሎ ጮኸና ዝም አለ። ሻዩ ጭኗ ላይ ፈሰሰ።

«አቃጠለሽ?» አለች እኅቷ፣ ጥቁር ቀሚሷን በፎጣ እየጠረገች።

«ልጄ ናት?»

ለቅሶ ሊደርሱ በማለዳ የመጡት ጎረቤቶች አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው እንደ ተቀመጡ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ወደ ሌላዋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «አባቷን ቀብራ ሳምንት ሳይሞላት ትበራለች?» ስትል ተሰማ።

«ሌላው አብራሪ ታሞባቸው ነው» አለች እኅቷ በመጨረሻ። «እንዳልነግርሽ ለምናኝ ነው።»

እናትየው ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። በእሳት በሚሞቅ አየር የሚበረው ቢጫው ባሉን ከጎረቤት የውሃ ታንከር በላይ አልፎ ወደ እርሻው በኩል ይንሳፈፋል። ቅርጫቱ ውስጥ ልጇ አለች። ከሥር ግን ባሏ የለም።

ድሮ ባሉን ማየት ለቤቱ ደስታ ነበር። ልጅቷ ገና ሕፃን ሳለች ሦስቱም ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ ይወጡ ነበር። ባሉኖቹ ከኮረብታው ጀርባ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ፣ ልጅቷ በፒጃማዋ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና፣ «ያ የኔ! ያ ያባዬ! ቀዩ የእማዬ!» እያለች ታከፋፍላቸዋለች። ከማየት በቀር ምንም አልፈለጉም። ቁርሱ ይቀዘቅዛል፣ ማንም ግድ የለውም።

ያቺው ልጅ አድጋ አብራሪ ልሁን አለች። እናቷ አኮረፈች፤ አለቀሰች፤ ለመነች። አባቷ ግን የታክሲ ሥራውን ትቶ፣ ባሉኑን በመንገድ እየተከተለ ካረፈበት ሰውና ዕቃ የሚያመጣውን ፒካፕ መንዳት ጀመረ። «ምን ያስፈራሻል?» ይላት ነበር። «ከሥሯ እኔ አለሁ። ብትወድቅ በኮፍያዬ እቀልባታለሁ።» በየጠዋቱ ደግሞ ይደውላል። «አየሻት? እንዴት እንዳማረባት!» ይልና ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ስትስቅ ፍርሃቱ ይለቃታል። ለሰው ሁሉ፣ «የኔ ባል ፍርሃት የሚባል አልፈጠረበትም» ትል ነበር።

አሁን የሚደውል የለም። በነጠላ ጫማዋ ወደ ውጭ ሮጠች። ፒካፑ አቧራውን እያቦነነ ሲመጣ መሀል መንገድ ላይ ቆመችበት።

የሚነዳው የባሉኑ መካኒክ ነበር። ፍሬኑን ሲጥጥ አድርጎ ያዘና አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እትዬ! ምን ነካዎት? ልገጭዎት ነበር'ኮ!»

«ክፈትልኝ።»

«ለቅሶ ላይ ሆነው...»

«ክፈት አልኩህ!»

ጎኑ ገብታ ተቀመጠች። መካኒኩ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ሰማዩን እያየ ይነዳል። ፊቱ ደስ አይልም።

«ነፋሱ ዞሯል» አለ። «ወደ ሜዳው ነበር የምትወርደው። ወደ ሽቦው እየገፋት ነው።»

«የምን ሽቦ?»

በአገጩ አሳያት። ከሽንኩርት እርሻው ማዶ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ተደርድረው ቆመዋል።

መገናኛ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «መሬት፣ መሬት፣ ይሰማል?» የልጇ ድምፅ ነው። በሬዲዮ መሬት የሚባለው አባቷ ነበር። ልጅቷም ማንን እንደ ጠራች ያኔ ነው መሰል ትዝ ያላት፤ ጥሪውን አልደገመችም። መካኒኩ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነበር። እናትየው ሬዲዮውን አንስታ ቁልፉን ተጫነች።

«አለን።»

«እማዬ?»

«አለን አልኩሽ። ሥራሽን ሥሪ።»

ሬዲዮውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እሱ ቢሆን ይስቅብኝ ነበር» አለች። «እንደኔ ፈሪ አልነበረም።»

መካኒኩ ዞር ብሎ አያት። «ማን? ጋሼ? ኧረ እትዬ! ጋሼ'ኮ ባሉኑ ከመነሳቱ በፊት በየቀኑ ያስመልሰው ነበር። አፉን ተጉመጥምጦ፣ 'ዝም በሉ፣ ለሚስቴ ልደውል' ይለናል። ከእርስዎ ጋር ሲያወራ ሳቁ ሌላ ነው። ስልኩን ሲዘጋ ግን እዚህ መሪ ላይ ግንባሩን ይደፋል።»

«ውሸትህን ነው።»

«አባቴ ይሙት! አንዴ 'ታዲያ ለምን አይተዉትም?' ስለው፣ 'ከላይ ሆና ሳያት ደስ ይለኛላ' አለኝ። 'እየፈራሁም ደስ ይለኛል።'»

በየማታው አጠገቧ የሚተኛው፣ ቀድሟት የሚያንኮራፋው ሰው ይህን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። አንድም ቀን አላካፈላትም። አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

«ወረደች!» አለ መካኒኩ።

ባሉኑ ከዛፎቹ ጀርባ ዝቅ አለና ጠፋ። የባሉኑ እሳት ድምፅ አይሰማም። እናትየው ሬዲዮውን ደጋግማ ተጫነች፣ ልጇን በቤት ስሟ ጠራች፤ የሚመልስ የለም። ፒካፑ ቦዩን ዘሎ እርሻው ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቷ ጣሪያውን መታው። አላመማትም። «አምላኬ፣ አንዱን ወስደሃል» ትላለች በሹክሹክታ፣ «አንዱን ወስደሃል፣ ይበቃሃል።»

ዛፎቹን አለፉ። ቅርጫቱ ከምሰሶዎቹ ወዲህ፣ ሽንኩርቱ መሀል በጎኑ ተኝቷል። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ እየዳኹ ይወጣሉ፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ታለቅሳለች። ልጇ ፊቷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገመድ ትጎትታለች።

«ደህና ነኝ እማዬ» አለች ከሩቅ። «ሬዲዮው ወድቆ ነው። ከሽቦው በፊት አወረድኳት።» ከዚያ ቀረብ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በጣም ፈርቼ ነበር» አለቻት።

እናትየው መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ቁጣ ነበራት። ግን ተወችው። የልጇን ፊት በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችላት።

መካኒኩና ተሳፋሪዎቹ የባሉኑን ጨርቅ ለማጠፍ ላዩ ላይ እየተኙ የቀረውን አየር ማስወጣት ጀመሩ። እናትየውም ማንም ሳይጠራት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በጥቁር ቀሚሷ ጨርቁ ላይ ወጣች፤ እጆቿን ዘርግታ በሆዷ ተኛች። ጨርቁ ገና ትኩስ ነበር። አየሩ ከሥሯ ቀስ እያለ በጆሮዋ አጠገብ ያልፋል።

«እማዬ፣ በቃ፣ ወጥቷል'ኮ» አለች ልጇ፣ አጠገቧ ተንበርክካ።

«ገና ነው» አለች። ጉንጯን ከጨርቁ ሳታነሳ፣ በሁለት መዳፏ ቀስ አድርጋ ተጫነችው።