የተረሳችው አንድ

የሞላሌ ከተማ መሰብሰቢያ አዳራሽ ጥቁር ሰሌዳ ሦስተኛ እግር ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በተሟላ ሁኔታ ተጠግኖ ለአገልግሎት መብቃቱ ለክቡራን ታዳሚዎች በድምፅ ማጉያ ተበሰረ። የባህል ጽሕፈት ቤቱ አቶ መኳንንት ጥገናው በራስ አቅም መከናወኑን ሲያክሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ራስ አቅም የተባለው መምህር ወሰኔ ጥግ ላይ ቆሞ እጁ ላይ የተሰካውን ስንጥር በጥርሱ ይነቅላል።

"ተባረክ ወሴ" አለ ዶክተር አብነት፣ ጠመኔውን እያነሳ።

ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ ናቸው። ወሰኔ እዚሁ ሞላሌ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። አብነት ደግሞ ከፍተኛ ሒሳብን ለማንም ሰው በሚገባ ቋንቋ በስልክ ቪዲዮ እያስረዳ ግማሽ ሚሊዮን ተከታይ አፍርቷል። ይህን ወሰኔ ችሎት ኖሯል። ያልቻለው የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሰው ነው።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ የታጠበ ኩታቸውን ለብሰው ከሁሉም ቀድመው ነው የመጡት። የአጽዋማቱና የበዓላቱ ቀን የሚወጣበትን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ አርባ ዓመት አስተምረዋል። ወሰኔ ጉባኤያቸውን ትቶ አስኳላ ከገባ ወዲህ ምን እንደሚያስተምር አንድም ቀን ጠይቀውት አያውቁም። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው አሥር ደቂቃ አያስኬድም። ዛሬ ግን መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ያዳምጣሉ።

"አሁን አራት ሰዓት ነው" አለ አብነት። "ከሃያ ሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ይሆናል፣ እትዬ ጥሩሸዋ?"

ገብስ ነጋዴዋ ጥሩሸዋ በጣቷ ቆጠረች። "ሃያ አራት እንዳልል እንዲህ ያለ ሰዓት የለም። አሥራ ሁለት ነዋ፣ ሲነጋጋ።"

"በቃ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ የምናስተምረውን ጨረሱ።"

"እንግዲያስ ዲግሪዬን ከገብሱ ጋር ልቸርችረው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መሪጌታም ሳቁ። ወሰኔ አባቱ ስንት ጥርስ እንደቀራቸው ያወቀው ገና ያኔ ነው። ይህንኑ የሰዓት ምሳሌ እሱም አሥራ አንድ ዓመት ሰጥቶታል፤ ተማሪዎቹ ያንቀላፉበታል።

"አባቶቻችን በዚሁ ዘዴ ነው ፋሲካን የሚያገኙት" ብሎ አብነት ቀጠለ። "መጪው ዓመት ከፍጥረት ሲቆጠር ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንተኛው ዓመተ ዓለም ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ስናካፍለው አሥራ ሦስት ይተርፋል።" አሥራ ሦስትን በትልቁ ጻፈና በቀጥታ ወደ ማባዛቱ ገባ።

የወሰኔ ልብ ጭፈራ ጀመረች። ከቀሪው ላይ አንድ ይቀነሳል። የገባው ዓመት ገና አልተፈጸመም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። ይህችን አንድ በዘጠኝ ዓመቱ ረስቷት አባቱ ጠጠር ላይ አንበርክከውት አርፍዷል። አሁን ተራው የዶክተሩ ነው። ወደ አባቱ ዞረ። የመሪጌታ ዓይን አሥራ ሦስት ላይ ተተክሏል። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ተመልሶ ተዘጋ።

"ስለዚህ የመጪው ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ አሥራ ስምንት ነው" አለ አብነት።

"እሰይ፣ የኔ ልጅ" አሉ መሪጌታ።

የኔ ልጅ።

አቶ መኳንንት ማይክሮፎኑን ነጠቁ። ስሌቱ ከዶክተሩ ስምና ፎቶ ጋር በሦስት መቶ ቅጂ ተባዝቶ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት በየደብሩ ደጃፍ ይታደላል። አባዡ መምህር ወሰኔ ነው፤ በራስ አቅም።

ወሰኔ አባቱን ደግፎ ከአዳራሹ አወጣቸው። እሱም እንደ ሌላው ተማሪ "የኔታ" ነው የሚላቸው።

"የኔታ፣ አንዷን አልቀነሳትም።"

"አየሁ።"

"ታዲያ ምን ብለው ዝም አሉ?"

"እንግዳ ነዋ። በሰው ፊት ላዋርደው?"

"እኔን በሰው ፊት ነበር ያንበረከኩኝ።"

"አንተ እንግዳ ነበርክ?" መሪጌታ ኩታቸውን አስተካከሉ። "እኔ በዮሐንስ ትክክለኛውን ቀን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ አውጃለሁ። ሚያዝያ አራት ነው። የወረቀቱን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ።"

ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? መሪጌታ አራት ሲሉ ሦስት መቶ ወረቀት አሥራ ስምንት ሊል ነው። የሰማ ሁሉ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለግማሽ ሚሊዮኑ ይልከዋል። ወሰኔ የተሰጠውን በታማኝነት ከማባዛት በቀር ጣቱን ማንሳት አይጠበቅበትም። በሕይወቱ ታማኝነት እንዲህ ጥሞት አያውቅም። ትምህርት ቤቱ እስኪደርስ ድረስ በልቡ እያፏጨ ሄደ።

ከሰዓት አብነት ወረቀቱን ሊያይ ወደ ማባዣ ክፍሉ ሲመጣ የመጀመሪያው ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነበበው። ደግሞ አነበበው።

"ሚያዝያ አራት? እኔ አሥራ ስምንት ነው ያልኩት።"

"ከአሥራ ሦስቱ ላይ አንድ መቀነስ ነበረብህ። ያልተፈጸመ ዓመት አይቆጠርም።"

አብነት በጣቱ አሰላ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "አዳራሹ ውስጥ አይተኸው ነበር?"

"ገና አሥራ ሦስትን ስትጽፍ።"

"ያኔ ዝም ብለህ አሁን ታርመዋለህ? ስሜንም አልነካኸውም። ፎቶዬን ግን የቴምብር ያህል አሳነስከው። ምን ማለትህ ነው፣ ወሴ?"

የአባቱ ‹አንተ እንግዳ ነበርክ?› ወሰኔ ጆሮ ላይ ደወለ፤ የቀሩትን ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቅጂዎች ማሽኑ ላይ ሞልቶ አስነሳው።

"አልነግርህም" አለ።