ሙዝ የምታክለው የሐመልማል ጨጓራ

እህቴ ሐመልማል የሰደበችኝ ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። እሑድ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ በልጇ በሃኒ ሠርግ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ቁርጥ የተሰቀለበት ጋ። ሳህን ይዤ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ሦስት የሾላ ገበያ ነጋዴዎች፣ ከፊቴ የሙሽራው አጎት። እሷ ድንኳኑ እስኪሰማ፣ «ይሄን ወንድሜን አያችሁት? ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሳህን ሲይዝ ብቻ ነው!» አለች። የሙሽራው አጎት እንኳ፣ በዚያ ቀን የተዋወቅኩት ሰው፣ እስኪያስለው ሳቀ። ያን ጊዜ እሷ መቶ ሃያ ስምንት ኪሎ ነበረች። ስለ ሳህን የምታወራው እሷ!

እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ትምህርት አልያዘልኝም፤ ስድብ ግን ከነሰዓቱ ይያዝልኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016፣ ማክሰኞ፣ ጠራችኝ። ሾላ ገበያ የእህል መጋዘን አላት፤ በሩን የምጠብቅላት እኔ ነኝ። በሩን ከውስጥ ዘጋችና፣ «ልደቱ፣ ጨጓራዬን ላስቆርጥ ነው» አለችኝ።

«ታመምሽ እንዴ?»

«ውፍረቱ ነዋ በሽታው። ጉልበቴ አልሸከምም አለኝ፣ ስኳሩም እየመጣ ነው ተብያለሁ። ቆርጠው ያሳንሱታል። ማንም እንዳይሰማ! ለሰው ዱባይ ዕቃ ልታመጣ ሄዳለች ትላለህ።»

«ከልጅሽ ጋር አትሄጂም?»

«ሃኒ ታወራለች። አንተ ብታወራም የሚያምንህ የለም።»

ይሄ ሁለተኛው ስድብ ነው። በዚያ ላይ በእናታችን አጥንት አስማለችኝ።

ወሩን የመረጠችው በብልጠት ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም የለም፤ ስለዚህ እንቁላልና ወተት ስትወስድ የሚጠይቃት አይኖርም። አስታማሚ ሆኜ ገባሁ። ዶክተሯ ነአምን ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት። ወረቀት ላይ እየሣለች፣ «ጨጓራዎ ከረጢት ያክል ነበር፤ ከእንግዲህ ሙዝ ነው የሚያክለው» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አስታማሚው እርስዎ ነዎት? እርስዎ ይያዙልኝ።»

እርስዎ! በሃምሳ ሦስት ዓመቴ እርስዎ ያለኝ የባንክ ማሽን ብቻ ነበር፤ እሱም ሂሳብዎ አይበቃም ለማለት። ስለዚህ አንዲት ቃል መሬት አልጣልኩም። ውኃ ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት እያሉ እንጂ መገልበጥ የለም። መጀመሪያ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፤ እንጀራ ቦታ ከተረፈ። ቫይታሚን በየቀኑ። ጾም ዘንድሮ ይቅር፤ ወደፊትም ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ። «ማስመለስ ከደጋገማት፣ እግሯ ከደነዘዘ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያት፣ በዚያው ቀን ይዘዋት ይምጡ። ከዘገየ እግርም አእምሮም ላይመለስ ይችላል» አለችኝ። ሐመልማል እሺ እሺ እያለች ስልኳን ትነካካለች።

ቫይታሚኑን የሰኔ ጾም ሲገባ አቆመችው። ለምን ብላት፣ «ሽፋኑ ከከብት አጥንት ነው የሚሠራው፣ ፍስክ ነው» አለች። ጨጓራዋ ተቆርጦ ሲጣል ያልከበዳት ሴት የኪኒን ሽፋን ከበዳት!

በሐምሌ መጨረሻ ሃያ ስምንት ኪሎ ቀንሳለች። ሾላ ጉድ አለ። በርበሬ የምትሸጠው ወይዘሮ ዓለም፣ የማኅበራቸው ሰብሳቢ፣ «ምን አግኝተሽ ነው እቴ?» ብላ ያዘቻት። ስፖርት ነው ማለት ትችል ነበር። የዱባይ ሻይ ነው ብትል እንኳ ታምናታለች። እህቴ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «በጾምና በጸሎት» አለች።

በቃ፤ በዚያች ቃል ራሷን ቀረቀረች። በሳምንቱ የማኅበሩ ሴቶች እሷን ሊመስሉ እህል ሳይቀምሱ እስከ ማታ መዋል ጀመሩ። አንዷን በምሳ ሰዓት የጤፍ ሚዛን ላይ ወጥታ ስትመዘን ያዝኳት። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ወይዘሮ ዓለም፣ «ዘንድሮ ሱባኤውን እንጦጦ ማርያም እንያዝ፤ አንቺ ምሪን» አለቻት። እምቢ ካለች ውሸቷ ሊወጣ ነው። የጾም አሠልጣኝ ሆና አረፈችው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ድንች የሚተክሉ አባባ በዳዳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ከሳቸው ሁለት ክፍል ተከራዩ። ጠዋት ጸበል፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የለም፣ ከዚያ በሶ። እኔ በየቀኑ የካ አባዶ ካለው ቤቴ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ፣ በነሐሴ ጭቃ ሽቅብ እየዳኸሁ በሶና ሻማ አደርሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ለብቻዋ አገኘኋት።

«ዶክተሯ ምን ነበር ያለችሽ?»

«ዶክተሯ ጴንጤ ሳትሆን አትቀርም።»

«ለመምሬ ኃይለ መስቀል ንገሪያቸው እንግዲህ። ለታመመ ሰው ጾም የለም።»

«ምን ብዬ? ሆዴን አስቆረጥኩ ብዬ? የንስሐ አባቴ እኮ ናቸው!»

«ለንስሐ አባት ያልተነገረ ለማን ሊነገር ነው?»

«አንተ በሶውን አስቀምጥና ውረድ።»

በስድስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች። ጸበል መቼም በስኒ አይጠጣም፤ በጆግ ነው፣ ትንፋሽ ሳይወሰድ። ሙዝ ውስጥ ጆግ አይገባም። ጠጣችው፣ ወዲያው መለሰችው። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ወጣ! ወጣ! እሰይ የኔ እናት!»

ወይዘሮ ዓለም እንጨት አንሥታ የወጣውን ታገላብጠው ጀመር። «ይኸው፣ ጠቆር ያለ ነገር አለው! መድኃኒት አብልተዋት ነው።» ጠቆር ያለው ነገር የትናንቱ በሶ ነው። «ያበላት ደግሞ የሩቅ ሰው አይደለም፤ ከማዕዷ የማይጠፋ ሰው ነው» ብላ ቀና ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። የሁሉም ዓይን ተከትሎ አረፈ። ከዘመዶቿ ሁሉ ድሃው እኔ ነኝ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ድሃ ዘመድ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

እህቴን አየኋት። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ መሬት መሬት አየች።

ሦስተኛው ይሄ ነው፤ ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። አፍ ሳይከፈት የተሰደብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋኔንስ ቢሆን፣ እስቲ በፈጣሪ፣ ሦስት ወር ያልሞላው የተሰፋ ጨጓራ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? እጅና እግሩን የት ያደርገዋል? የእኔ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ይሻለዋል፣ ሽንት ቤትም አለው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። እሷ ታስመልሳለች፣ እነሱ እልል ይላሉ። በአሥረኛው ቀን ሳልፍ አባባ በዳዳ ድንቻቸውን መኮትኮት ትተው በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«አንተ ሰው፣ ያቺ እህትህ ናት አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«ላም ስትታመም ሰው ሁሉ አፏን ነው የሚያየው። እኔ እግሯን ነው የማየው። እህትህ ከትናንት ጀምራ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። እግሯን ስታነሣው የተዋሰችው ይመስላል።»

ሮጥኩ። ከፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወደ በሩ ታፈጣለች። «ግቡ፣ ሁለታችሁም ግቡ» አለችኝ። ዞሬ ከኋላዬ አየሁ። ብቻዬን ነኝ።

እግሯን ቆነጠጥኳት። ምንም። ጠንከር አድርጌ ቆነጠጥኩ፤ የሠርጉንም ጨምሬበት ሊሆን ይችላል። አሁንም ምንም። ዶክተሯ የቆጠረችልኝ ሁሉ ተሟልቷል።

«እንውረድ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሱባኤው ሳይፈታ? ዓለም ምን ትለኛለች!»

ወጥቼ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ተዋት አለኝ ልቤ። ድንኳኑም፣ መጋዘኑም፣ የዚያ ጠዋት ዝምታዋም ባንዴ መጡብኝ። ደግሞ ምያለሁ፤ ዝም ብል መሐላ ጠበቀ እንጂ እህቱን ገደለ አይሉኝም። ግን እሷ ከሞተች ቂሜን ምን አደርገዋለሁ? በሞተ ሰው ላይ ቂም አይያዝም፣ ነውር ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩት ባንድ ቀን ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። እንባዬም መጣ፣ ምኑ እንዳስለቀሰኝ አላውቅም።

መምሬ ኃይለ መስቀል ለሱባኤው አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ከዛፍ ሥር ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ በእናቴ አጥንት ምያለሁ፤ አሁን ላፈርሰው ነው።»

«አፍርሰውና ቶሎ ተናገር፣ ዝናቡ እየጠነከረ ነው።»

ነገርኳቸው። ዳዊቱን አጠፉት።

«ቆረጡት?»

«ቆረጡት።»

«የሚበዛውን?»

«ከአራት እጅ ሦስቱን።»

«የት ጣሉት?»

«እሱን አልጠየቅኩም አባቴ።»

«ወደ እኔ በመጣች ቁጥር ሰው አማሁ፣ ሰው አማሁ ነው የምትለኝ» አሉ። «ማማቷንማ ሾላ በሙሉ ያውቀዋል። የማናውቀውን ነበር መናገር!» ተነሡ።

ክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ከበዋታል። መምሬ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው፣ «ሐመልማል፣ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ጾሙ ተፈትቶልሻል። ሐኪም ያዘዘሽን ሁሉ ትበያለሽ፤ ወተትም ቢሆን፣ ሥጋም ቢሆን። ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው» አሉ። ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላሉም።

«በፍልሰታ? ሥጋ? መምሬ!» ወይዘሮ ዓለም ዘላ ተነሣች።

«አንቺም የስኳር ኪኒንሽን ለጾሙ ትተሻል ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገ እንነጋገራለን።»

ዓለም ተመልሳ ተቀመጠች።

አባባ በዳዳ ፈረሳቸውን አመጡ። እሳቸው ልጓሙን፣ እኔ ወገቧን ይዘን አስፋልት ደረስን። ከዚያ በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል። ዶክተር ነአምን ዓይኗን ገና ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ከጉሉኮሱ በፊት ቫይታሚኑን በደም ሥሯ ሰጠቻት። ማታ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ፣ «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ልናጣት እንችል ነበር። እግሯ ግን ወራት ይፈልጋል፤ አሁን ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም» አለችኝ። አሁንም በእርስዎ ነው።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ፣ የማኅበሩ ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ሰባት ናቸው። እኔ አልጋው ጎን ተቀምጬ የተቀቀለ እንቁላል እየላጥኩላት ነው።

«እንዴት ዳንሽ በይ? ንገሪን እስቲ» አለች ወይዘሮ ዓለም።

ሐመልማል ትራሱ ላይ ደገፍ አለች። የሚያምናት ሰው ስታገኝ ድምፅዋ ይለሰልሳል። «ያበሉኝ ወጣልኝ፤ እመቤቴ ማርያም አወጣችልኝ።»

እልልታው ከመቅለጡ ነርሷ ሮጣ መጥታ ተቆጣች።

«ያበላሽስ ሰው ታየሽ?» አለች ዓለም፣ የእኔን እጅ እያየች። እንቁላሉን የያዘውን።

ሐመልማል ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ይለምናል፤ አፏ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው። «እሱን ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ። ወንድሜ አብሮኝ ነበር፣ ምስክሬ ነው። በጸበሉ ነው የዳንኩት፣ አይደል ልደቱ? ንገራቸው እንጂ!»

ሰባቱም አፌን ጠበቁ።

እንቁላሉን ልጬ ጨረስኩ። በአራት ቆረጥኩት፤ ትልቅ ከጎረሰች አትችለውም። በሶፍት ላይ ደርድሬ ከጎኗ አስቀመጥኩና ጃኬቴን አንሥቼ በሴቶቹ መሃል አለፍኩ። «ልደቱ! አንተ ልደቱ!» ትላለች ከኋላዬ። ደረጃውን ወረድኩ።