የይሉኝታ ዱላ

ጋሽ ኩራሞቺ ቤዝቦል መወርወር ካቆሙ ቆይተዋል፤ ስለ ውርወራቸው ከማውራት ግን አንድም ቀን አላረፉም። በጃፓኗ ታካማትሱ ከተማ ውስጥ ባለችው፣ ኡዶን የሚባለውን ወፍራም ፓስታ በሾርባ በሚሸጡባት ጠባብ ቤታቸው የድሮ ደጋፊዎቻቸው ምሳ ሰዓት ላይ ይደረደሩና ሾርባቸውን ፉት እያሉ ያዳምጣሉ። የጋሼ ኳስ በየዓመቱ ፍጥነት ትጨምራለች።

“ዱላ የያዙ የዛሬ መቺዎችን ይሉኝታ ገደላቸው” አሉ ሊጡን እየዳመጡ። “እንግዳ የመክፈቻ ኳስ ሲወረውርላቸው እንዳያፍር ብለው ሆነ ብለው ይስታሉ። እኔን እንዲህ ካከበሩኝ በቁሜ ቀበሩኝ።”

የከተማው ቡድን የእሑዱን ጨዋታ የመክፈቻ ኳስ እንዲወረውሩ ጠርቷቸዋል።

“እሱን ተዉትና ጋሼ፣ ኳሷ ትደርሳለች ወይ?” አለ ታክሲ ነጂው አኦኖ።

“ትደርሳለች እንጂ” አለች ፀጉር ሠሪዋ ሱዙኖ። “ሰኞ።”

ጋሼም አብረው ሳቁ። ሆዳቸው ግን አልሳቀም። የዕድሜ ልክ ወሬያቸው በእነዚሁ ሰዎች ፊት በመቺ ምጽዋት ሊዘጋ ነው። እሑድ ዕለት ወጣቱን መቺ ሃያቴን ከመልበሻ ቤቱ በር ላይ ያዙት።

“ልጄ፣ ከልብህ ምታት።”

“ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው።”

“ነውሩ ማስመሰሉ ነው። ማልልኝ።”

ማለላቸው።

ጋሼ ወረወሩ። ኳሷ ወደ ሰማይ ወጣች፤ እዚያ ጥቂት የምታስብ መሰለች፤ ከዚያ እንደ ደከማት ባልቴት ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። ሃያቴ ጥርሱን ነክሶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። ዱላው ኳሷ ሳትደርስ አልፎ ሄደ፤ እሱም በገዛ ጉልበቱ ተሽከርክሮ ተንበረከከ። ያኔ ነው ኳሷ ከመቺው ኋላ የተቀመጠው ቀላቢ እጅ ላይ ጧ ያለችው። ሕዝቡ ለማንኛውም እንግዳ እንደሚያጨበጭበው አጨበጨበ።

በማግሥቱ ጋሼ “የእውነት ነው የሳተው” ቢሉ ማን ይስማቸው።

“አዎ ጋሼ” አለ አኦኖ። “እኔም የአማቴን ወጥ የማመሰግነው የእውነቴን ነው።”

“ተንበረከከልዎት እኮ” አለች ሱዙኖ። “ወላጆቹ ምን ዓይነት ጨዋ አሳደጉ።”

ይኼኔ ሃያቴ ራሱ የበሩን መጋረጃ ገልጦ ገባ።

“ምስክሬ መጣ” አሉ ጋሼ። “በል ንገራቸው።”

ሁሉም ዞሩ። የልጁ ጆሮዎች ቀሉ። አኦኖ ጆሮ የገባ ነገር እስከ ማታ በታክሲ ከተማውን ያዳርሳል፤ ‘ሽማግሌ የጣለው’ የሚል ቅጽል ስም ደግሞ ከአንድ መቺ ጋር ጡረታ ይወጣል። ሃያቴ ግን እንደማያስመስል ምሏልና እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

ጋሼ ቀደሙት። አንድ ሳህን ኡዶን ፊቱ አስቀመጡና “ብላ፣ ይቀዘቅዛል” አሉት። ወደ ደጋፊዎቻቸውም ሳያዩ “ጨዋ ልጅ ነው። አከበረኝ” አሉ።

“ምን አልን?” አለች ሱዙኖ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሃያቴ ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ “ጋሼ” ብሎ አንሾካሾከ፣ “ግን እንዴት አድርገው ነው የወረወሯት?”

ጋሼ ግራ ቀኙን አዩ። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለውም፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ።