ሽማግሌ በላከበት እሑድ

ወንድምአገኝ እሑድ ጠዋት ሲነቃ ሥራ ሞልቶት ነበር። የቆሸሸ ልብሱ ከአልጋው እግር እስከ በሩ ተከምሯል፤ የሳምንቱ ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ተደራርቧል፤ ፂሙም ከረቡዕ ወዲህ ምላጭ አላየም። ነገር ግን አንዱንም መጀመር አልቻለም። ለምን ቢሉ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጁ አራት ሰዓት ላይ፣ የላካቸው ሽማግሌዎች ሊንውድ ከተማ ወዳለው የፍቅረኛው የኖላዊት ወላጆች ቤት ይሄዳሉ።

"ታዲያ አንተን ምን አገባህ?" ይል ይሆናል የሰማ ሰው። እውነት ነው፣ ምንም አያገባውም። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ምን እንደተባለ መስማት ነው። ሾርላይን ከተማ ያለችው አፓርታማው ደግሞ ለመቀመጥ አታንስም። ችግሩ ወንዴ መጠበቅን እንደ ሙሉ ቀን ሥራ መያዙ ነው። ከሰዓት በኋላ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ካለው ጠዋት የሚባል ነገር የለውም። ማታ እንግዳ የሚመጣበት ከሆነ ከቁርስ ጀምሮ ጫማውን አድርጎ ሶፋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ነው የሚያነሳው፤ ቀኑን ሙሉ ሰውን "ትንፋሽዎን ይያዙ" እያለ፣ ሲያበቃ "ይተንፍሱ" ይላል። ለራሱ ግን የመጀመሪያዋን ብቻ ብሎ ሁለተኛዋን ይረሳታል። ይህንንም እሱ ራሱ እየሳቀ ይናገረዋል፤ መሳቁ ግን እስካሁን አላዳነውም።

የዛሬው ደግሞ የጥርስ ሐኪም አይደለም። ኖላዊት አምስት ዓመት ታግሳዋለች። "ፈተናዬን ልለፍና" አላት፣ ታገሰች። "ግሪን ካርዴ ይምጣና" አላት፣ ታገሰች። "እኅቴ ከአገር ቤት ትምጣና" አላት፤ እኅትየው መጥታ፣ አግብታ፣ ወለደች። ባለፈው ሳምንት ከዳላስ ጥሩ ሥራ መጣላትና መልሱን እስከ ሰኞ ስጪን አሏት። ያን ጊዜ ነው ኖላዊት ሳትቆጣ፣ ድምፅዋንም ሳታነሳ የነገረችው።

"ወንዴ፣ እሑድ ነገሩ ካማረ እቀራለሁ። ካላማረ ሰኞ ጠዋት 'እሺ' ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ሌላ ዓመት የለኝም።" ከዚያም ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረችለት። "አባዬ ደግሞ በዓለም ላይ የሚጠላው አንድ ነገር ነው፤ መጠበቅ። እባክህን ሰዎቹ እንዳያረፍዱ።"

ወንዴም ሽማግሌ ሲመርጥ አልቀለደም። ሬኒየር ቫሊ የሚባለው ሰፈር ያሉትን ጋሽ መልከጸዴቅን ለመነ፤ እሳቸው የገቡበት እርቅና የገቡበት ሰርግ ከሽፎ አያውቅም ይባላል። እሳቸውም አንድ ቄስና አንድ ጎረቤታቸውን ይዘው ሊሄዱለት እሺ አሉ። ሐሙስ ማታ ደወሉለት።

"ልጄ፣ እኔ ለሽምግልና ስልክ ይዤ አልሄድም። አንድ ጊዜ 'ልጃችሁን ለልጃችን' ልል ስነሳ ኪሴ ውስጥ የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ የጫነችው ዘፈን ጮኸብኝ። አንገቴን ደፍቼ ነው የወጣሁት። ስለዚህ አድራሻውን አስቀድመህ ላክልኝና በወረቀት ልገልብጠው።"

"አሁኑኑ እልክልዎታለሁ ጋሼ! ምን ችግር አለው!" አለ ወንዴ።

"አሁኑኑ" ያለው ሐሙስ ነው፣ ልብ አድርጉ።

እሑድ ረፋዱ ላይ እንደምንም ተነስቶ ነጭ ሸሚዙንና ጥሩ ሱሪውን ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ወስዶ ጨመረ። እላይ ሲመለስ ግን አንድ ሐሳብ ያዘው። ምድር ቤት ኔትወርክ የለም። ልብሱን ወደ ማድረቂያው ላዛውር ብሎ ሲወርድ ስልኩ ቢደወልስ? ሽማግሌዎቹ ገና ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ማን ነው የሚደውለው? ቢሆንም ቢደወልስ! ልብሱ እንደረጠበ እዚያው ቀረ። ሻወር ልግባ አለ፤ በሳሙና ፊት ስልክ አይነሳም ብሎ ተወው። ሳህን ልጠብ አለ፤ ውኃው ይጮሃል፣ ጥሪውን አልሰማም ብሎ ተወው። "እንዲህ ያለ ሰው ሚስት ምን ያደርግለታል? ሞግዚት ነው የሚያስፈልገው" አለ ለራሱ፣ ሶፋው ላይ እየተቀመጠ።

እኩለ ቀን ገደማ አድራሻው ትዝ አለው። ወዲያው ስልኩን አንስቶ የቤቱን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ጣቱ ቆመ። ሽማግሌ ለሚሆኑለት ትልቅ ሰው ደረቅ አድራሻ ብቻ ይላካል እንዴ? አንድ ሁለት የምስጋና ቃል ያስፈልገዋል። ምስጋና ደግሞ በዚህ በተረበሸ ልብ አይጻፍም። ትንሽ ልረጋጋና አሳምሬ እጽፈዋለሁ ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አድራሻው በወንዴ ጭንቅላት ውስጥ ተልኳል። በስልኩ ግን አልተላከም።

አራት ሰዓት ሆነ። ወንዴ ሶፋው ጠርዝ ላይ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። አሁን በሩን አንኳኩተዋል። አሁን ቆመው "ለጉዳይ ነው የመጣነው" ብለዋል። ይኼኔ ስልኩ ጮኸና ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። የማያውቀው ቁጥር ነው፣ ያውም ከሩቅ፣ ከጆርጂያ ግዛት፤ በስልክ የሚሸጥ ነጋዴ መሰለው።

"አሁን የመኪና ዋስትና የሚሸጥበት ሰዓት ነው?" ብሎ ዘጋው። ወዲያው እንደገና ተደወለ። "ኧረ በሕግ! መስመሩን ክፍት አድርጌ ልጠብቅበት እንጂ!" ብሎ ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደወል፣ አሁንስ ብሎክ ነው የማደርገው እያለ ዘጋው። ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ በትጋት ሠራ ከተባለ እሷን ነው የሠራው።

ቀጥሎ የደወለችው ኖላዊት ነበረች። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"የት ናቸው?"

"እነማን?"

"የላክሃቸው ሰዎች ናቸዋ! አራት ሰዓት ካለፈ ቆየ እኮ። አባዬ ሱፉን እንደለበሰ ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። ወንዴ፣ አድራሻውን ልከህላቸዋል አይደል?"

"ልኬያለሁ እንጂ!" አለ በሙሉ ድምፁ። እሷ ስትዘጋ፣ እስቲ ልመልከተው ብሎ የጋሽ መልከጸዴቅን መልእክት ከፈተ። የቤቱ ቁጥር ብቻውን፣ ያለ መንገድ ስም፣ ያለ ምስጋና፣ ሳይላክ በጻፈበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ጆርጂያም ወዲያው ትዝ አለችው፤ ቄሱ በቅርብ ከዚያው ከጆርጂያ፣ ከአትላንታ ነው የመጡት፤ ስልካቸውም የዚያ ነው።

ደወለላቸው። "አባቴ፣ የት ነዎት?"

"ሊንውድ ነን። አንድ አልጋ መሸጫ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጠናል። አልጋ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ሁለቴ መጥተው ጠየቁን። እኔ፣ ጋሽ መልከጸዴቅ አድራሻውን ይዘዋል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለእኔ የላክህልኝ መስሏቸዋል። ምነው ልጄ፣ ስልክ አታነሳም እንዴ?"

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ! እዚያው ይጠብቁኝ!"

"ሌላ ምን ስናደርግ ነበር በለው!" የሚል የጋሽ መልከጸዴቅ ድምፅ ከኋላ ተሰማ። የቄሱ ስልክ ባትሪም እዚያ ላይ አለቀ።

ወንዴ ቁልፉን መንጭቆ ወጣ። ሸሚዝና ሱሪው ምድር ቤት እርጥብ ናቸው፤ እሱ በቁምጣ፣ ዓርብ የበላው ሽሮ በተንጠባጠበበት ቲሸርትና በሸበጥ ነው። የሚያየኝ የለም፣ መንገድ አሳይቼ እመለሳለሁ አለ። አልጋ መሸጫው ጋ ሲደርስ ጋሽ መልከጸዴቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው በመስኮት አዩት፤ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ያ ከስድብ ባሰበት።

እየመራ ወስዶ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲገቡ እሱ ከማዶ ፓርክ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ተደበቀ። አንገቱን ብቅ ሲያደርግ አንድ ነገር አየ። የነኖላዊት ግቢ ሣር ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቆሟል፤ ማጨጃው መሐል ላይ እንደተተወ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው ሣር ግማሽ አጭዶ የሚተው? እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ያውቃል፤ እሱም አሁን መኪና ውስጥ ተደብቋል።

ከዚያ ግን መቀለዱን ተወ። ዳላስ ታየችው። ኖላዊት ሻንጣ ስትዘጋ ታየችው። ይቺን ልጅ ይወዳታል፤ እሷን በተመለከተ አንድ ቀንም ልቡ አመንትቶ አያውቅም። ያመነታው እጁ ነው። በአንዲት የመንገድ ስም ምክንያት ልትሄድ ነው ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ።

መስኮቱ ተንኳኳ። ኖላዊት ናት፣ በሐበሻ ቀሚስ።

"ና ግባ። አባዬ ጠርቶሃል።"

"እኔን? ደንቡ እኮ አይደለም!"

"ማርፈድስ ደንብ ነው? ቄሱ ውጭ አለ ብለው ነግረውታል።"

"ኖሊ፣ ሸበጥ ነው ያደረግሁት።"

"አይቻለሁ።"

"ቲሸርቴም—"

"እሱንም አይቻለሁ። ና ውረድ።"

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ገና ቆመዋል። የኖላዊት አባት አቶ ይርጉ በጥቁር ሱፍና በክራቫት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠበቁት። ከሸበጡ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ አዩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የውብዳር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

"እነዚህን ትልልቅ ሰዎች ያንከራተታቸው ማን ነው?" አሉ አቶ ይርጉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። እነሱን እንዳይቀየሟቸው።" ከዚያም እውነቱን ዘረገፈው። "የእርስዎን መልስ ስጠብቅ አድራሻውን ሳልልክ ቀረሁ። የሚጠበቅ ነገር ካለ እጄ አይታዘዘኝም። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልሠራሁም። ገላዬን እንኳ አልታጠብኩም።"

"እሱስ ያስታውቃል" አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ የውብዳር ሳቃቸው አመለጣቸው። "ይርጉ፣ ንገራቸው እንጂ!"

"ምኑን?"

"ምኑን ይለኛል! ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ ሱፍህን ለብሰህ መቀመጥህን ነዋ! በዚያው ሱፍ ሣሩን ጀምሮ፣ 'ቢመጡብኝስ' ብሎ መሐል ላይ ጥሎት ገባ። ምሳም አልበላልኝ። ሠላሳ ዓመት አንዱን ችዬ ኖርኩ፤ ይኸው ልጄ ሁለተኛውን ይዛልኝ መጣች!"

አቶ ይርጉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ወንዴን አዩት፤ በመስኮት ሣሩን አዩ።

"ደንቡ፣ እንምከርበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ማለት ነበር" አሉ። "ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱፍ ለብሼ ልቀመጥ ነው? ይኼም ልጅ ሁለት ሳምንት ሳይታጠብ ሊከርም ነው? ሰጥቻለሁ። በሉ ቁጭ በሉ።"

እልልታው ከቤት አልፎ ጎረቤት ተሰማ። ወንዴ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ አቶ ይርጉ ጆሮው ስር ጠጋ አሉ። "አንተ ግን ያቺን ሣር ጨርስልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ዕረፍት ነስታኛለች።"

ወጣ። ማጨጃው ላይ ጎንበስ ሲል ኖላዊት ተከትላው መጣች።

"ሰርጉን መቼ እናድርገው?"

"ቀኑን እንዳትነግሪኝ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ቀስቅሰሽ ልበስ በይኝ።" ሳቀች። እሱም ሳቀና ድንገት ደነገጠ። "ኖሊ፣ ዳላሶቹ! አሁኑኑ ጻፊላቸው፣ ነገ ሳይደርስ።"

"ጽፌላቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። አልመጣም ብዬ ላክሁት።"

ወንዴ ቀና አለ። "ጠዋት? ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ? አባትሽ እምቢ ቢሉስ ኖሮ?"

"ታዲያ ምን ልጠብቅ?" አለች። "እኔ ማንን እንደምፈልግ ሽማግሌ መጥቶ አይነግረኝም።"

እሱ አንዲት የመንገድ ስም መላክ አቅቶት ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ፣ እሷ ሕይወቷን በሙሉ ጽፋ ልካ ቁርሷን በልታለች። አፈረ፤ ደስም አለው፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡበት።

"አባዬ መስኮቱ ጋ ቆሟል" አለችው ወደ ቤት እየተመለሰች። "ሣሩ ሳያልቅ ገበታ አይቀርብም።"

ወንዴ የማጨጃውን ማስነሻ ገመድ ሳበ።